የሞጣው ሮታሪ

ቢቸና የተመደብኩት በደርግ ጊዜ፣ የአውራጃው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኜ ነው። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ ከዚያ በፊት ዓባይን ተሻግሬ አላውቅም። ሴት ዳኛ በአካባቢው ታይቶ አይታወቅምና የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ባለጉዳዩ ሁሉ ችሎት እየገባ እኔን አልፎ ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ ይመለከት ነበር፤ እውነተኛው ዳኛ ከዚያ በኩል ይወጣ ይመስል። እሱን ቶሎ ለመድኩት። ልለምደው ያልቻልኩት መንገዱን ነበር።

ሞጣ ዳኛ ጎድሎ ስለነበር በየወሩ እየሄድኩ እንዳስችል ታዘዝኩ። የምሄድበት ግን አልታዘዘልኝም። በአስተዳደሩ ግቢ አንዲት ላንድሮቨር ቆማ ትውላለች። ለመንግሥት ሥራ ነበር የተሰጠችው፤ ሥራዋ ግን የአውራጃውን ካድሬ ጠጅ ቤት ማድረስና ሚስቱን ገበያ ማዞር ነበር። ለችሎት ጉዞ ስጠይቅ አንድ ቀን ጎማ የለም፣ ሌላ ቀን ቤንዚን የለም፣ ሌላ ቀን ሾፌሩ ስብሰባ ላይ ነው። ስለዚህ ጤፍ በጫኑ መኪኖች እሄድ ነበር፤ ጋቢና ውስጥ፣ በሾፌሩና በረዳቱ መካከል ተጣብቄ፣ ለምን እስካሁን እንዳላገባሁ እየተጠየቅኩ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ሁለቱም መልሱን ለራሳቸው አግኝተው ይጨርሱ ነበር። ሞጣ ስደርስ ከፀጉሬ ጤፍ አራግፌ ችሎት እቀመጣለሁ።

መኪና የመግዛት ሐሳብ እንዲህ መጣብኝ። መንጃ ፈቃድ ነበረኝ፤ አዲስ አበባ ያወጣሁት፤ ግን ከማሰልጠኛዋ መኪና በቀር ሌላ መሪ ጨብጬ የማላውቅ ጀማሪ ነበርኩ። እናቴ ስትሞት የደረሰኝ ጥቂት ገንዘብም ነበር። የጎደለው መኪናዋ ነበረች፤ በዚያ ዘመን ደግሞ በምሥራቅ ጎጃም የሚሸጥ የግል መኪና ማግኘት ቀላል አልነበረም።

ወሬውን ያመጣልኝ ዐቃቤ ሕጉ ነው። እሱም እንደ እኔ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ በዕድሜ እኩያዬ የሆነ ሰው ነው። የማያውቀው ነገር አልነበረም፤ ማለቴ፣ አላውቅም ብሎ አያውቅም። ስለ ከብት በሽታ፣ ስለ ኩባ፣ ስለ ሴት ልብ፣ ስለ ሬዲዮ ጥገና እኩል ያስረዳል። ቤቱ ውስጥ የመኪና ሥዕል ያለበት አንድ ያረጀ የፈረንጅ መጽሔት ነበረው፤ ስለ መኪና ያለው ዕውቀት በሙሉ ከዚያ የመጣ ነበር። አንድ ቀን ቢሮዬ ገብቶ፣ ሞጣ ውስጥ የሚሸጥ ስፖርት መኪና አለ አለኝ።

«ሮታሪ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፒስተን የለውም።»

«ታዲያ በምን ይሄዳል?»

«በመዞር።»

ከዚህ በላይ እንደማያውቅ ገባኝ፤ ለማወቅ ግን ጓጓሁ።

የመኪናዋ ባለቤት የአንድ የሞጣ ባለርስት ልጅ ነበር። ከለውጡ በፊት አባቱ መሬትም፣ ወፍጮም፣ አዲስ አበባ የሚከራዩ ቤቶችም ነበሯቸው። ልጁ አዲስ አበባ ይኖር ነበር፤ ጃፓን ሠራሿን ባለ ሁለት በር መኪና በገዛ በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳ። መሬቱ ሄደ፣ ቤቶቹ ሄዱ፣ አባትየው በሐዘን ሞቱ። መኪናዋን ማንም ስላልጠየቀው እናቱ ዘንድ ሞጣ አምጥቶ ድሮ ከብት የሚያድርበት ቤት ውስጥ በሸራ ሸፈናት። አሁን ይሸጣታል ተባለ።

እንግዲህ ምክር ፈለግኩ። በቢቸና ምክር ለማግኘት መፈለግም አያስፈልግም። ዐቃቤ ሕጉ መጀመሪያ እንዳልገዛ መከረኝ፤ ሮታሪ ቤንዚን ይጠጣል፣ ዘይትም ከቤንዚኑ ጋር ያቃጥላል፣ ወገቡ ለመንገዳችን ዝቅ ያለ ነው አለ። ይህ ሁሉ እውነት ነበር። ዋጋዋ እንደቀነሰ የሰማ ዕለት ግን ሐሳቡን ለወጠ፤ እንዲህ ያለ ሞተር በዕድሜ አንዴ ነው የሚገኝ አለኝ። ሁለቱንም ምክር የሰጠኝ በአንድ ዓይነት ፊት ነው።

የፍርድ ቤቱ ሰብሳቢ ቅኔ ቤት ያደጉ አዛውንት ነበሩ። ሁለት ትርጉም ያለው ነገር ተናግረው፣ ሰሚው ሁለተኛውን እስኪያገኝ ድረስ ቆመው የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ሐሳባቸውን ስጠይቃቸው፣ «እሷ ትዙር ልጄ፤ ብቻ አንቺ ላይ እንዳይዞርብሽ» አሉኝና ቆመው ጠበቁ። ሣቅኩላቸው። የጠየቅኳቸው ስለ ጎማና ስለ ቤንዚን ነበር።

ካድሬው ደግሞ ወሬው ደርሶት ኖሮ፣ በውይይት ክበቡ ስለ ንዑስ ከበርቴ የቅንጦት ጥማት ረጅም ንግግር አደረገ። ስም አልጠራም፤ ግን አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሲጨርስ ወጥቶ ላንድሮቨሯ ላይ ተሳፈረ። ቤቱ ከአዳራሹ ማዶ ነው።

ከሁሉ የተሻለውን ጥያቄ የጠየቁኝ አከራዬ ናቸው። «ሁለት በር ብቻ ከሆነ ኋላ የተቀመጠው ሰው በየት ይወርዳል?» አሉ። ዐቃቤ ሕጉ ይህን አላሰበበትም ነበር።

እኔ ራሴ ስንት ቀን አወጣሁ አወረድኩ። ቤንዚን በኩፖን ነበር የሚታደለው፤ ለግል መኪና የሚሰጠው ሞጣ ደርሶ ለመመለስ አይበቃም። ደጀን ላይ ከከባድ መኪና ሾፌሮች በድብቅ መግዛት ይቻላል ይባላል፤ ዳኛ ሆኜ ያንን ላደርግ አልችልም። መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ወዲህ አይገኝም። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ የማላውቀው ሞተር። ያም ሆኖ ሾፌርና ረዳት ሳይመረምሩኝ በራሴ ሰዓት ተነስቼ በራሴ ሰዓት የምደርስበትን ቀን ሳስበው፣ ኩፖኑም ጭቃውም ከአእምሮዬ ይጠፋ ነበር። ሳላያት አልወስንም አልኩ።

በሚቀጥለው የሞጣ ችሎት ዐቃቤ ሕጉ አብሮኝ ሄደ፤ እንደ ባለሙያ። ሥራችንን ጨርሰን ስንወጣ ሰውየው መኪናዋን ከፍርድ ቤቱ በር ላይ አቁሞ ይጠብቀናል፤ ሞተሩ እየሠራ። ብርቱካንማ ናት፤ ጣሪያዋ ወደ ኋላ ተንሸራቶ የወረደ፣ ፊቷ አራት መብራት ያለው። የሞጣ ገበያተኛ ከበባት። ሰውየው ዕድሜው አርባ ገደማ ነው፤ የቆዳ ጓንት አድርጓል። በዚያ ፀሐይ፣ ከነአህያውና ከነእህሉ ቆሞ በሚያየው ሕዝብ መካከል፣ የቆዳ ጓንት። ሊጨብጠኝ ጓንቱን በየጣቱ እየሳበ እስኪያወልቅ ድረስ እጄን ዘርግቼ ቆየሁ።

ዐቃቤ ሕጉ ኋላ ገባ፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። ሰውየው እየነዳ ስለ ድሮ አወራን፤ ደብረ ዘይት ድረስ በስንት ደቂቃ ይደርስ እንደነበር፣ ማን ማን ከጎኑ ይቀመጥ እንደነበር። ስለ ቤንዚን ደግሞ አማረረ፤ ኩፖኑ እንደማይበቃው፣ ጠብታዋ እንደ ወርቅ እንደሆነች ደጋግሞ ነገረን። ከከተማ ወጥተን ወደ ቀራንዮ በሚወስደው ሜዳ ላይ ስንደርስ ለእኔ ለቀቀልኝ፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ፣ በሩን ይዞ አስገባኝ።

ይህን ሳልናገር ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ግን እውነቱ ይነገር። ፍሪሲዮኑን ለቅቄ ቤንዚን ስሰጣት ሌላ መኪና የሚያሰማው ማጓራት የለም፤ የሚነዝር ነገር የለም፤ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ያለ ዝዝታ ብቻ ነው፤ እየቀጠነ፣ እየከረረ፣ ማለቂያ ያለው የማይመስል። ማርሽ መቀየር እረሳለሁ። ጠጠሩ ከሥር ይረግፋል፤ የጤፉ ማሳ በሁለቱም በኩል ይሸሻል። በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ የማውቀው ጥቂት ቀን ነው። ከኋላዬ ዐቃቤ ሕጉ ስለ ሞተሩ ያስረዳኛል፤ አልሰማሁትም። ዞሬ ወደ ሞጣ ስመልሳት፣ ልገዛት ወስኜ ነበር።

ምሳ እናቱ ቤት ተጋበዝን። እናቱ ዕድሜ ያጎበጣቸው፣ ንግግራቸው ለስላሳ የሆነ ሴት ናቸው፤ «ግቢ ልጄ» ብለው አቅፈው ሳሙኝ። ሰውየው መኪናዋን ግቢው መሐል አቆማትና ወረደ። ሞተሩን አላጠፋም። እጃችንን ታጠብን፣ ማዕድ ቀረበ፣ ተበላ፤ ሞተሩ ውጭ ዝዝ ይላል። ለምን እንደማያጠፋት ጠየቅኩት። ሮታሪ ሥራ ማቋረጥ አይወድም፣ እየሠራ ሲቆይ ነው ጤናው አለኝ። ዐቃቤ ሕጉ እንጀራ እየጠቀለለ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ መጽሔቱም እንደዚያ ይላል አለ።

ያን ጊዜ ጆሮዬ ተከፈተ። እኔ ዳኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የምውለው ሰው የሚለውንና የሚያደርገውን ሳስተያይ ነው። የቤንዚን ጠብታ እንደ ወርቅ ናት ያለኝ ሰው፣ ምሳ በልቶ እስኪጠግብ ድረስ ወርቁን ግቢው ውስጥ ያቃጥላል። ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ሲጠብቀንም ሞተሩ አልጠፋም። መሪውን ለእኔ ሲለቅም አልጠፋም። ካገኘሁት ጀምሮ ያቺ ቁልፍ አንዴም ወደ ኋላ አልተመለሰችም።

እጄን ልታጠብ ብዬ ተነሳሁ። ግቢው ውስጥ ማንም አልነበረም። በመስኮቷ እጄን አሾልኬ ቁልፉን አዞርኩት።

ዝም አለች። ወዲያው ሰውየው በሩ ላይ ብቅ አለ፤ ጣቶቹ ወጥ እንደነካቸው። ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም። ከሳሽ የደበቀውን ማስረጃ ሌላ ሰው ሲያቀርብበት የሚያሳየው ፊት ነው።

«ምን አደረጉ?» አለኝ።

«አጠፋኋት። አሁን ደግሞ ያስነሱልኝ።»

እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ገባ። ማስነሻው ሞተሪኖ ዞረ፤ ሞተሩ አልተቀበለውም። እንደገና ሞከረ። ቆይቶ ሞከረ። ዐቃቤ ሕጉ ኮፈኑን ከፍቶ አንገቱን አስገባ፤ ፒስተን የሌለውን ሞተር እያየ ካንዴላው ነው አለ፤ ቀጥሎ ባትሪው ነው አለ፤ ቀጥሎ ከፍታው ነው አለ፤ የአገሩን ከፍታ ማለቱ ነው። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ተጠርተው መጥተው ገፏት። ከግቢው አውጥተው ቁልቁል ገፏት፤ አልተነሳችም፤ ሽቅብ ገፍተው መለሷት። የሞጣ ሰው ጨዋ ነው፤ ማንም አልሣቀም። ብሣቅ የምወደው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እናቱ ከደጃፉ ላይ ሆነው ሲያዩ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ንገራት» አሉት።

መሪው ላይ እንደተቀመጠ ነገረኝ። ውስጥ ያለው ጎኑ ሦስት የሆነ ብረት ነው፤ ቤቱን እየነካ ይዞራል። በሦስቱም ጫፎቹ ላይ ትንፋሹን የሚይዙ ቀጫጭን ማተሚያዎች አሉት፤ እነሱ ተበልተዋል። ቀዝቃዛ ሲሆን በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሳል። አንዴ ከሞቀ ግን ከጠፋ አበቃ፤ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ንጉሥም ቢመጣ አይነሳም። ማተሚያው ከውጭ አገር ነው የሚመጣው፤ የሚያስመጣው ደግሞ የለም። ይህን ሲነግረኝ ጓንቱም፣ ደብረ ዘይትም፣ ከጎኑ ይቀመጡ የነበሩት ሴቶችም ተረስተውታል። በጣቱ አየር ላይ እየሳለ ብረቱ እንዴት እንደሚዞር አሳየኝ። ቀኑን ሙሉ ከተናገረው ውስጥ ልሰማው የቻልኩት ይህን ብቻ ነው።

ከዚያ ግን የከነከነኝን ጠየቅኩት። «ብቻዬን እንደምሄድባት ያውቃሉ። ከደጀን ወርጄ ዓባይ በረሃ መሐል ብትጠፋብኝስ?»

 ዓይኑን ከመሪው ላይ አላነሳም።

ንቀት ብዙ ዓይነት ነው። ለካድሬው የነበረኝ ቀላል ንቀት ነበር፤ እንደ ዝንብ የሚባረር። ለዚህ ሰው ያደረብኝ ሌላ ነው፤ ምክንያቱም በዚያው ቀን እሱ ራሱ ያበላሸውን ደስታ የሰጠኝ እሱ ነበር። ዋጋውን እቀንሳለሁ አለኝ። አልገዛም አልኩት። እናቱ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዱኝና፣ ገንዘቡ ይቅር፣ ብቻ ከደጃችን አርቂልን አሉኝ። ባያት ቁጥር የሚቆጣ ሹም እንደነበር፣ በእሷ የተነሳ ልጃቸው ስንቴ ታስሮ እንደተፈታ፣ እሱ ግን በየቅዳሜው አስነስቶ ሳያዳምጣት እንደማያድር ነገሩኝ። አዘንኩላቸው። ለእሳቸው ስል ግን መኪና ልገዛ አልችልም፤ ይህንኑ ነግሬያቸው ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

ወደ ቢቸና የተመለስነው ጤፍ በጫነ መኪና ነው። ዐቃቤ ሕጉ መንገዱን ሙሉ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ጠርጥሮ እንደነበር አስረዳኝ። ሾፌሩ እስኪበቃው ሰማውና፣ ለምን እስካሁን እንዳላገባ ጠየቀው። ያን ሾፌር እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ መኪናዋን ዐቃቤ ሕጉ ገዛት።

ስሰማ አላመንኩም። እሱ ግን በኩራት ነው የነገረኝ። ሰውየው መኪና አያያዝ የማይችል መሆኑን፣ የሮታሪ ምስጢሩ ዘይቱ ላይ መሆኑን፣ ወፍራም ዘይት ከተደረገበት ማተሚያው ራሱን እንደሚያድስ ነገረኝ። ይህንን ከየት እንዳገኘው አልጠየቅኩትም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጠዋት ጠዋት፣ ከቤቱ እስከ ፍርድ ቤት፣ በእግር ቢመጣ ላብ የማያወጣ መንገድ፣ በብርቱካንማዋ መኪና ይመጣ ነበር። የከተማው ልጆች ይሮጡለታል። ሲገባ ያጠፋታል፤ እስኪወጣ ትቀዘቅዛለች፤ ማታ ትነሳለች። ወፍራሙ ዘይት ሠራ ይላል።

አንድ ቀን ግን ከችሎት በኋላ ደብረ ወርቅ የሚሄድበት ቀጠሮ ነበረው፤ አስቀድሞም ከተማውን ሲዞር አርፍዶ መኪናዋ ግላ ነው የመጣው። ስለዚህ ሳያጠፋት ከፍርድ ቤቱ መስኮት ሥር ትቷት ገባ። የዚያን ቀን ችሎቱን የምመራው እኔ ነኝ። አንዲት አሮጊት ስለ ተወሰደባቸው ላም ይመሰክራሉ፤ ድምፃቸው ደካማ ነው፤ ከውጭ ያ ዝዝታ ይገባል። ጠጋ ብለው እንዲናገሩ ጠየቅኳቸው፤ አሁንም አልሰማሁም። ጭሱም በመስኮቱ ገባ፤ የዘይት ጭስ፣ ሰማያዊ። ባለጉዳዩ ማሳል ጀመረ።

ፖሊሱን ጠርቼ ያ ሞተር እንዲጠፋ አዘዝኩ። ዐቃቤ ሕጉ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ክቡር ፍርድ ቤቱ ቢፈቅድ፣» አለ፣ «ከጠፋ... ትንሽ ይቸግራል።»

«ምን ዓይነት ችግር?»

አዳራሹ ሞልቷል። ሰብሳቢው ከጎኔ ተቀምጠዋል። ዐቃቤ ሕጉ ወደ እኔ አየ፤ የሞጣውን ግቢ አብረን አይተነዋል፤ የማውቀውን እንደማውቅ ያውቃል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስረዳት አቃተው።

«ይጥፋ» አልኩ።

ፖሊሱ ወጣ። ዝዝታው ቆመ። አሮጊቷ ስለ ላማቸው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ እያንዳንዱ ቃል ተሰማ። ላሟ ተመለሰችላቸው።

መኪናዋ ያን ዕለት አልተነሳችም፤ ብትቀዘቅዝ ማታውን በተነሳች ነበር፤ ግን እልህ ይዞት ከነግለቷ ደጋግሞ ሲያዞራት ባትሪዋን ገደለ። ቀጥሎ ክረምት ገባ። ሐምሌን ሙሉ ከፍርድ ቤቱ መስኮት ሥር ጭቃ ውስጥ ቆመች። ሰብሳቢው ባለፉባት ቁጥር ሁለት ትርጉም ያለው ነገር ይናገራሉ፤ እኔም እየቆየሁ ሁለተኛውን ማግኘት ጀመርኩ። ዐቃቤ ሕጉ በሌላ በር መግባት ጀመረ። በዚያ ክረምት ስለ ምንም ነገር ለማንም አላስረዳም፤ ይህ ለቢቸና የተደረገ በጎ ሥራ ነው፤ ካድሬው በንግግሩ ካመጣልን ነገር ሁሉ ይበልጣል።

መስከረም ላይ መንገዱ ሲደርቅ የባለርስቱ ልጅ ከሞጣ መጣ። በጭነት መኪና ነው የመጣው፤ ባትሪ ታቅፎ። እናቱ በነሐሴ አርፈው ነበር፤ ጥቁር ለብሷል፤ ጓንት የለውም። ዐቃቤ ሕጉ መኪናዋን በስንት እንደመለሰለት አልጠየቅኩም፤ ለመገላገል በነፃም ሳይሰጥ አይቀርም። ችሎት ሳይጀመር ጠዋት ነው፤ በረንዳው ላይ ቆሜ ነበር። ከጎማዎቿ ላይ ጭቃውን በእንጨት ፈቀፈቀ፤ ባትሪውን አሰረ፤ ዘይቷን አይቶ ቀየረ። ከዚያ ገብቶ ቁልፉን አንዴ አዞረው። ተነሳች። በመጀመሪያው።

ወደ እኔ አየ። ሰላምታ ሰጠኝ፤ እኔም ራሴን ዝቅ አደረግኩለት፤ ለእናቱ ሐዘን ስል። ብዙ አልቆየም፤ ሊቆይም አይችልም፤ አንዴ ከሞቀች ሳትጠፋ ሞጣ መድረስ አለባት። ቀስ ብሎ ከግቢው አወጣት፤ ዋናው መንገድ ላይ ሲደርስ ያ ድምፅ እየቀጠነ፣ እየከረረ ሄደ። ዐቃቤ ሕጉ ከኋላዬ መጥቶ ቆሞ ነበር። ወፍራሙ ዘይት ነው ያስነሳት አለኝ። የመኪናዋ ድምፅ በደብረ ወርቅ መንገድ እስኪጠፋ ድረስ ሰማሁና ችሎቱ እንዲጀመር ገባሁ።